የጀግናው መልክና የጀግናው ካባ

ሰው በልጅነቱ ያየው ሥዕልና የሰማው ተረት እስከ እርጅናው ድረስ ከልቡ አይጠፋም። ካደገ በኋላ ብዙ መጻሕፍት ያነብባል፤ ብዙ አገርም ያያል፤ ነገር ግን የፊተኛው ሥዕል በልቡ እንደ ተቀመጠ ይኖራል። ሌላ ሰው መጥቶ ያን ሥዕል ልለውጠው ቢለው ከቤቱ ዕቃ እንደ ተወሰደበት ሆኖ ይሰማዋል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ልንጽፍበት የወደድነው ጉዳይ ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር ስለ ኃያላን ጀግኖች የቆዳ ቀለምና ስለ አሣሣላቸው በአንባቢዎች መካከል ብዙ ዘመን የቆየው ክርክር ነው።

ይህ ነገር የሕፃናት ጨዋታ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የእነዚህ ጀግኖች ሥዕል ዛሬ በሲኒማው፣ በልጆች ልብስና በደብተራቸው ሽፋን ላይ ሳይቀር ይታያል። ልጅ ማንን ጀግና ብሎ እንደሚጠራና ማንን እንደሚንቅ የሚማረው ደግሞ ከመምህሩ ብቻ ሳይሆን ከሚያየው ሥዕል ጭምር ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ውሃውን ከጥሩ እንደሚባለው ከመነሻው ጀምረን እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ኮሚክ የሚባለው ጽሑፍ በትናንሽ ክፍሎች በተሣሉ ሥዕሎች የሚነገር ታሪክ ነው፤ የሰዎቹም ንግግር በዚያው በሥዕሉ ውስጥ ይጻፋል። የኃያላን ጀግኖች ዘመን የተጀመረው በ1938 ሲሆን፣ በክሊቭላንድ ከተማ የተገናኙት ጸሐፊው ሚስተር ጄሪ ሲገልና ሠዓሊው ሚስተር ጆ ሹስተር ሱፐርማን የተባለውን ጀግና ዋጋው 10 ሳንቲም በሆነ መጽሔት አወጡ። ሁለቱም ከአውሮፓ የተሰደዱ የአይሁድ ልጆች ነበሩ። ጀግናቸውም ከሩቅ ዓለም የመጣና በባዕድ አገር ያደገ እንግዳ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሚስተር ጆ ሳይመንና ሚስተር ጃክ ከርቢ ካፒቴን አሜሪካን ፈጠሩ፤ አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ ሳትገባ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲመታ በመጽሔቱ ሽፋን ላይ ሣሉት። እነዚህም እንደ ፊተኞቹ የስደተኛ አይሁድ ልጆች ነበሩ። ከዚህ እንደምንረዳው የኃያሉ ጀግና ታሪክ ከመነሻው የተናቀ ሰው ምኞት ነበር።

የሚያሳዝነው ነገር ግን በዚያው ዘመን ጥቁሩ ሰው በእነዚህ መጽሔቶች የነበረው ስፍራ ነው። ጥቁር ጀግና ከቶ የለም ለማለት የሚያስደፍር ነበር። ጥቁር ሰው የተሣለ እንደ ሆነ አንባቢውን ለማሣቅ ከንፈሩ ተወፍሮ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ ንግግሩም ተጣሞ ነው። ታላቁ ሠዓሊ ሚስተር ዊል አይስነር በ1940 በጀመሩት ስፒሪት በተባለው ታሪክ ለጀግናው ረዳት ያደረጉት ጥቁር ልጅ ኤቦኒ በዚሁ ዓይነት የተሣለ ነበር። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ሲታይ፣ ክፉው ግን በጎን ሆኖ አንድ ዓይኑ ብቻ እንደሚታይ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ ተመልካቹም ጽሑፉን ሳያነብብ ማንን እንደሚያከብር በአሣሣሉ ይረዳል። በአሜሪካም እጅ የሣለው ፊት ለልጁ ከቃል በፊት ይናገረው ነበር፤ የሚነግረውም ጥቁሩን ሰው እንዲንቅ ነበር።

ይህን ለመለወጥ የተነሡ ሰዎች አልጠፉም። በ1947 በፊላደልፊያ ከተማ ጋዜጠኛው ሚስተር ኦሪን ኢቫንስ ጸሐፊዎቹም ሠዓሊዎቹም ጥቁሮች የሆኑበትን መጽሔት በ15 ሳንቲም አወጡ። ታሪኮቹ የሥጋና የአጥንት ሰዎች ታሪኮች እንጂ መሣለቂያዎች አልነበሩም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ቁጥር በኋላ ሁለተኛው ሳይወጣ ቀረ፤ ምክንያቱም የወረቀት ነጋዴዎች ለእርሳቸው ወረቀት አንሸጥም ስላሉ እንደ ሆነ ይነገራል። እንግዲህ የጥቁር ጀግኖች ጥቂት መሆን የደራሲ እጦት ብቻ ያመጣው እንዳልነበረ በዚህ ይታወቃል።

ሌላም ልንረሳው የማይገባ ታሪክ አለ። ሚስተር አል ፌልድስታይን የጻፉትና ሚስተር ጆ ኦርላንዶ የሣሉት አንድ አጭር ታሪክ በ1953 ታትሞ ነበር። በታሪኩ ውስጥ ከምድር የተላከ አንድ መልእክተኛ ብርቱካንማና ሰማያዊ የብረት ሰዎች ወደሚኖሩበት ዓለም ይሄዳል። ውስጣቸው አንድ ሆኖ ሳለ ብርቱካንማዎቹ ሰማያዊዎቹን ዝቅ አድርገው እንደሚገዟቸው ባየ ጊዜ፣ ከሕዝቦች ማኅበር ለመግባት ገና አልበቃችሁም ብሎ ይመለሳል። በመጨረሻው ሥዕል የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ፊቱ ይገለጣል፤ መልእክተኛው ጥቁር ሰው ነው፤ በፊቱም ላይ የላቡ ጠብታ ያበራል። ይህ ታሪክ በ1956 እንደ ገና ሊታተም በተዘጋጀ ጊዜ፣ መጽሔቶችን ይመረምር የነበረው ክፍል ሹም ሰውየው ጥቁር መሆኑ ይቅር ብሎ አዘዘ። አሳታሚው ሚስተር ዊልያም ጌይንስና ጸሐፊው ግን የታሪኩ ፍሬ ነገር ይኸው ስለ ሆነ አንለውጥም አሉ። ቢያንስ ላቡ ይጥፋ ቢባሉም እንቢ ብለው፣ ታሪኩ እንደ ነበረ ታተመ። የአንድ ሰው ፊት ቀለም የታሪኩ ነፍስ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ቀስ በቀስ ተከፈተ። በ1966 ሚስተር ስታን ሊና ሚስተር ጃክ ከርቢ ብላክ ፓንተር የተባለውን ጥቁር ጀግና አወጡ፤ እርሱም ዋካንዳ የምትባል በሐሳብ የተፈጠረች የአፍሪካ አገር ንጉሥ ነው። በ1969 ፋልከን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ጀግና ሳም ዊልሰን ተከተለ። በ1971 መጨረሻ ደግሞ ጆን ስቱዋርት የተባለ ጥቁር የሕንፃ ነዳፊ ቀድሞ የነጩ የሃል ጆርዳን የነበረውን ግሪን ላንተርን የተባለውን ስምና ቀለበት ተቀበለ። እንዲህ እያለ ሁለት ዓይነት መንገድ ተገኘ፤ አንደኛው ለጥቁሩ ሰው የራሱን አዲስ ጀግና መፍጠር፣ ሁለተኛው የታወቀውን የጀግና ካባ ለሌላ ሰው ማውረስ ነው። ሲኒማው እየበረታ ሲሄድ ሦስተኛ መንገድ ተጨመረ፤ ይኸውም ካባውንም ሰውየውንም ሳይለውጡ፣ በመጽሔቱ ነጭ የነበረውን ሰው ጥቁር ተዋናይ እንዲጫወተው ማድረግ ነው። ክርክሩ ከሁሉ ይልቅ የጋለው በዚህ በሦስተኛው ነው።

በ2011 በወጣው ቶር በተባለው ሲኒማ የሰሜን አውሮፓ የጥንት አማልክት በር ጠባቂ የሆነውን ሄይምዳልን እንግሊዛዊው ጥቁር ተዋናይ ሚስተር ኢድሪስ ኤልባ በተጫወቱ ጊዜ ብዙ ተቃውሞ ተነሣ። በ2015 ደግሞ ጆኒ ስቶርም የተባለውን ወጣት ሚስተር ማይክል ጆርዳን ሲጫወቱ፣ እኅቱ ነጭ ሆና እርሱ ጥቁር የሆነው እንዴት ነው የሚል ጥያቄ መጣ፤ ሲኒማውም እኅቱን በማደጎ ያደገች አድርጎ መልስ ሰጠ። በተቃራኒው ደግሞ በ2016 ዶክተር ስትሬንጅ በተባለው ሲኒማ፣ በመጽሔቱ የቲቤት ሽማግሌ የነበረውን መምህር እንግሊዛዊቷ ነጭ ተዋናይ ቲልዳ ስዊንተን ተጫወቱት፤ በዚህም የእስያ ተወላጆች ቅር ተሰኙ።

አሁን የአንባቢዎቹን አስተያየት በየወገኑ እንመልከት።

የመጀመሪያው ወገን እንዲህ ይላል፦ «እኛ ይህን ጀግና በልጅነታችን በዚህ መልክ አውቀነዋል፤ ደራሲው የሰጠው መልክ ሊከበር ይገባል። የመልኩ መለወጥ ለፍትሕ ታስቦ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ለአሳታሚው ገንዘብ ሲባል የሚደረግ ነው።» ይህ ንግግር ሁሉ ከጥላቻ የመጣ ነው ማለት ሐሰት ይሆናል፤ የለመዱትን መውደድ የሰው ጠባይ ነውና። ነገር ግን በዚህ ወገን ውስጥ ጥቁሩን ሰው ራሱን ጠልተው «ታሪኩ ይጠበቅ» በሚለው ቃል ከኋላ የተሸሸጉ መኖራቸው አይካድም። ሁለቱን ለመለየት አንድ ሚዛን አለ። በ2011 ስለ ሄይምዳል የጮኸ ሰው በ2016 ስለ ቲቤቱ መምህር ዝም ብሎ እንደ ሆነ፣ የጠበቀው ታሪኩን ነው ወይስ ቀለሙን ብሎ ራሱን ይመርምር።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ እንዲህ ብሎ ይመልሳል፦ «የታወቁት ጀግኖች ሁሉ ነጮች የሆኑት ታሪኩ ስላስፈለገው አይደለም፤ በተፈጠሩበት ዘመን በሩ ለሌላው ተዘግቶ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ የቀድሞው መልክ ሁሉ ሳይነካ ይኑር ማለት የቀድሞው በደልም ሳይነካ ይኑር ማለት ይሆናል።» የኦሪን ኢቫንስን ወረቀት ላስታወሰ ሰው ይህ ንግግር ክብደት አለው።

ሦስተኛው ወገን ብዙ ጊዜ ከጥቁሮቹ ከራሳቸው የሚነሣ ነው። እነዚህ፦ «የሌላውን ሰው ያረጀ ካባ ለምን እንለብሳለን? የራሳችንን እንሸምን» ይላሉ። በ1993 በኒው ዮርክ ሚስተር ድዌይን ማክደፊና ጓደኞቻቸው ማይልስቶን የተባለውን ድርጅት ያቆሙት በዚህ ሐሳብ ነው። በአገራችንም በ2018 ጀምበር የተባለ የኢትዮጵያዊ ኃያል ጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መውጣቱ ከዚሁ ሐሳብ ጋር የሚስማማ ነው። በዚያው ዓመት ብላክ ፓንተር በሲኒማ በቀረበ ጊዜ ከ1 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማስገባቱና ሦስት የኦስካር ሽልማት ማግኘቱ፣ የራሱ ታሪክ ያለው ጥቁር ጀግና ተመልካች አያገኝም ይባል የነበረውን ነገር ከንቱ አድርጎታል። በ2015 ስለ ጆኒ ስቶርም ብዙ የተነቀፉት ሚስተር ማይክል ጆርዳንም በዚህ ሲኒማ የንጉሡ ባላጋራ ሆነው ተጫውተው እጅግ ተመሰገኑ።

እኛ ሦስቱን ወገኖች ከሰማን በኋላ የምናስበው ይህ ነው። የጀግናው ቀለም የታሪኩ ነፍስ በሆነበት ስፍራ አይነካም፤ የዋካንዳን ንጉሥ ነጭ ማድረግ ታሪኩን ማፍረስ ነውና። ቀለሙ ለታሪኩ ምንም በማያደርግበት ስፍራ ግን ሥራውን አሳምሮ የሚጫወተው ሰው ቢይዘው ጉዳት የለበትም። ካባው የሚወረስ በሆነ ጊዜ ደግሞ አባቶቻችን «የፊት ወዳጅህን በምን ቀበርኸው? በሻሽ፤ የኋለኛው እንዳይሸሽ» ያሉትን ማስታወስ ያስፈልጋል። ለፊተኛው ክብር ያልሰጠ አወራረስ ለኋለኛውም ክብር አያተርፍለትምና።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2011 ሚስተር ብራያን ማይክል ቤንዲስና ኢጣልያዊቷ ሠዓሊ ሳራ ፒኬሊ ያወጡት ማይልስ ሞራሌስ ነው። ልጁ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቱ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ የሆነች የብሩክሊን ልጅ ነው። ሸረሪት ሰው የተባለውን ስም የያዘው፣ የቀድሞው ባለ ስም ፒተር ፓርከር ሰው ሲያድን ከሞተ በኋላ ነው። ማይልስ ስሙን ሲቀበል የፒተርን ሕይወት አልወሰደም፤ የራሱ አባትና እናት፣ የራሱ ሰፈር፣ የራሱም ፍርሃት አለው። በመጀመሪያ የተቃወሙት ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ታሪኩን ካነበቡት ብዙዎቹ ወደዱት፤ በ2018 የወጣው በሥዕል የተሠራ ሲኒማውም በተከታዩ ዓመት የኦስካር ሽልማት ተቀበለ።

የለመዱት መልክ ዋናው መልክ የሚመስል መሆኑንም አንድ ነገር ያሳየናል። በ2001 በተጀመረው በቴሌቪዥን የሥዕል ትርኢት ግሪን ላንተርን ሆኖ የቀረበው ጥቁሩ ጆን ስቱዋርት ነበር። በዚያ ትርኢት ያደጉ ልጆች በ2011 ሲኒማው ነጩን ሃል ጆርዳንን ይዞ በመጣ ጊዜ «ግሪን ላንተርን ጥቁር አልነበረምን?» ብለው የተገረሙ ነበሩ። እንግዲህ ለአባት የተለወጠው ለልጅ የነበረው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ከቀለም ሌላ አንባቢዎቹን የሚከፋፍል የአሣሣል ጉዳይም አለ፤ ይህም ከፊተኛው ክርክር የራቀ አይደለም። በ1970 ታላቁ ሠዓሊ ሚስተር ጃክ ከርቢ የሱፐርማንን መጽሔቶች ወደሚያሳትመው ድርጅት በሄዱ ጊዜ ሱፐርማንን በራሳቸው እጅ ሣሉት። ድርጅቱ ግን አንባቢ ከለመደው መልክ ይለያል ብሎ የጀግናውን ፊት በሌሎች ሠዓሊዎች አስፋቀና አስለወጠ። አካሉ የከርቢ ሆኖ ፊቱ የሌላ ሰው ሆነ። ካፒቴን አሜሪካንና ብላክ ፓንተርን የፈጠረ እጅ የሱፐርማንን ፊት ለመሣል አልታመነም። የለመዱትን መልክ መውደድ ልኩን ሲያልፍ ታላቁን ሠዓሊ እስከ ማዋረድ እንደሚደርስ በዚህ ይታያል።

ሁለቱ ክርክሮች በአንድነት የተገናኙበት መጽሐፍ ግን በ2003 በሰባት ክፍል የወጣው ትሩዝ፣ ማለት እውነት የተባለው ነው። ደራሲው ሚስተር ሮበርት ሞራሌስ፣ ሠዓሊው ጥቁር አሜሪካዊው ሚስተር ካይል ቤከር ናቸው። የታሪኩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ነጩን ወታደር ካፒቴን አሜሪካ ያደረገው መድኃኒት አስቀድሞ በጥቁሮች ወታደሮች ላይ ተሞከረ፤ ብዙዎቹ ሞቱ፤ ከጥቂቶቹ የተረፈው አይዛያ ብራድሊ የካፒቴኑን ልብስ ለብሶ ብቻውን ዘመተ፤ ሲመለስ ግን የጠበቀው ሽልማት ሳይሆን ወኅኒ ነበር። ታሪኩ የተፈጠረ ቢሆንም ያስታወሰው ነገር እውነት ነው። በአላባማ ክፍለ ሀገር በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ የመንግሥት ሐኪሞች 399 ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁሮች ሰዎች፣ መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳያክሙ በሽታው የሚያደርሰውን ይመለከቱ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ስለዚህ ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው።

መጽሐፉ ገና ሳይወጣ ወሬው በተሰማ ጊዜ «ካፒቴን አሜሪካን ጥቁር ሊያደርጉት ነው» ብለው የተቆጡ ነበሩ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ክርክሩ ወደ ሥዕሉ ተመለሰ። ሚስተር ቤከር ሰዎቹን የሣሏቸው ለሣቅ እንደሚሣል ሥዕል ክብ ክብ አድርገው፣ ገጽታቸውንም አጋንነው ነበር። አንዳንዱ አንባቢ ይህን የመሰለ ከባድ ኀዘን በእንዲህ ያለ ሥዕል መናገር አይገባም አለ። ሌላው ግን የዋህ በሚመስል ሥዕል የተነገረ ግፍ ይልቁን ልብ ይሰብራል አለ። እኛም ወደ ኋለኛው አስተያየት እናዘነብላለን፤ ቀድሞ ጥቁሩን ሰው ለመሣለቂያ ያገለግል የነበረው የአሣሣል ዓይነት በዚህ መጽሐፍ በጥቁር ሠዓሊ እጅ ለጥቁሩ ሰው ምስክር ሆኗልና። በመጨረሻው ገጽ ነጩ ካፒቴን አይዛያን በቤቱ ፈልጎ አግኝቶ አጠገቡ ሲቆም ይታያል፤ አይዛያ የተቀዳደደውን የቀድሞ ልብሱን ደርቦ ሁለቱ ጎን ለጎን ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። በዚያ ሥዕል ማንም የማንንም ስፍራ አልወሰደም፤ የተቀደደው ልብስም እንደ ተቀደደ ታየ።

እንግዲህ ለአባቶችና ለእናቶች የምንመክረው ይህ ነው። ልጃችሁ እንዲህ ያለውን መጽሔት ይዞ ቢመጣ ሳታዩት አትንጠቁት፤ ሳታዩትም አታመስግኑት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ አብራችሁ ተመልከቱት። ስለ ጀግናው ሲነግራችሁ ከመልኩ አስቀድማችሁ ምን እንደ ሠራና ስለ ማን ብሎ እንደ ሠራው ጠይቁት። ከዚያ በኋላ በሥዕሉ ዳር የቆሙትን ትናንሽ ሰዎች፣ አገልጋዩን፣ እንግዳውን፣ ድኻውን በጣታችሁ እያመለከታችሁ እንዴት እንደ ተሣሉ አሳዩት፤ የሠዓሊው ልብ ከጀግናው ፊት ይልቅ በእነዚህ ፊት ላይ ይነበባልና። ልጁም በመካከላቸው የራሱን መልክ ፈልጎ ቢያጣ አትገሥጹት፤ ይልቁንስ እርሳስና ወረቀት ስጡትና የጎደለውን ፊት ራሱ ይሣለው።